አሮጌውን መስመር ስለቆረጣችሁልን የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የአዲሱ ትውልድ ሞባይል ማስፋፊያ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር
ቱኒስ

ክቡር ሆይ፣

የአላህ ሰላምና እዝነት በእርስዎ፣ በቤተሰብዎ፣ በምክትሎችዎ፣ እንዲሁም በስልካችን የሚመጡትን መልእክቶች በሚጽፈው ሰውዬ ላይ ይሁን። ጤናዎ እንዴት ነው? የቢሮዎ ማቀዝቀዣ በደህና ይሠራል? የዘንድሮው ሙቀት ብዙ ሳይጎዳዎ እንዳለፈ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምለው ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰው ሌላ ቃል ስላጣሁ ነውና እርስዎም እንደ ደህና ይቀበሉልኝ።

ባለፈው ሐሙስ ከመሥሪያ ቤትዎ መልእክት ደረሰኝ። «ውድ ደንበኛ፣ አገራችን አዲሱን የሞባይል ትውልድ በሁሉም ወረዳዎች እንድትቀበል ይፈልጋሉ? አዎ ከሆነ 1፣ አይ ከሆነ 2 ይጫኑ» ይላል። ሁለቱንም ቁጥሮች ቁጭ ብዬ ለረጅም ጊዜ አየኋቸው። በአንዲት ቁጥር ልመልስዎ ሞክሬ ጣቴ እንቢ ስላለኝ፣ ውድ ጊዜዎን እንደምሻማ እያወቅሁ ይህን ደብዳቤ ጻፍኩ፤ እርስዎ ጋ ሳይደርስ እንዳይቀርም ግልባጩን ለጋዜጣ ሰጠሁ። ስለ ድፍረቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

መብሩካ ዐርፋዊ እባላለሁ። የምኖረው በኽሚር ተራሮች፣ በቡሽ ዛፍ ጫካ ውስጥ ባለችው በዓይን ዙቀር መንደር ነው። ከጫካ ቅጠል ዘይት እያወጣሁ እሸጣለሁ። ባለቤቴ ተይብ የጫካ እሳት ጠባቂ ነበር። ሃያ ሁለት በጋ ከመንደሩ በላይ፣ ከሸንተረሩ ማዶ ባለው ማማ ላይ እየወጣ ጭስ ሲጠብቅ ኖሯል። ጭስ ሲያይ ይደውላል፤ እሳት አጥፊዎቹ ይመጣሉ፤ እሱም ማታ ወርዶ እራቱን ይበላል። ሥራው ይኸው ነበር።

አንደኛ፣ ሐሳባችንን ስለጠየቃችሁን ከልብ አመሰግናለሁ። ባለፈው ማርች ኢንጂነር ሺሃብን ልካችሁልን፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሰብስቦን፣ ግድግዳው ላይ ሥዕል እያበራ አስረዳን። ከአንድ ከተማ ሆኖ በሌላ ከተማ ያለ በሽተኛ የሚያክም ሐኪም አሳየን። ቀጥሎ፣ ያለ ሹፌር የሚሄድ መኪና ሲያሳየን ጎረቤቴ ሐድሪያ «እኛ እኮ ሹፌር አላጣንም፣ ያጣነው መኪናውን ነው» ብላ አዳራሹን በሳቅ ሞላችው። ኢንጂነሩም አብሮ ሳቀ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ በእሱ ላይ እንዳይቆጠርበት አደራ እላለሁ።

ጥያቄ ያለው ይጠይቅ ሲባል ተይብ ተነሣ። ተይብ በስብሰባ የሚናገር ሰው አልነበረም። ከኪሱ ያችን ጀርባዋ በላስቲክ የታሰረች፣ ቁልፎቿ ተፍቀው ቁጥራቸው የጠፋ ስልኩን አውጥቶ ከፍ አደረጋት።

«ልጄ፣ ከማማው ላይ ጭስ ሳይ የምጣራው በዚህች ነው። አዲሱ ሲመጣ ይህቺ ትሠራለች?»

«ሐጅ፣ ምንም አያስቡ» አለው ኢንጂነሩ። «አዲሱ መጣ ማለት አሮጌው ሄደ ማለት አይደለም። ጎን ለጎን ነው የሚሠሩት።»

«ሐጅ አይደለሁም፣ መካን አላየሁም። ግን ያልከውን በወረቀት ጽፈህ ብትሰጠኝ?»

ሰው ሳቀ። የቀበሌያችን ሹም፣ ዑምዳው ላዝሃር፣ ከፊት ወንበር ዞር ብሎ «ኧረ ተይብ፣ እንግዳ አታሳፍር፣ በል ተቀመጥ» አለው። ተቀመጠ። ከዚያ አዲሱን ትውልድ የምትቀበሉ እጃችሁን አውጡ ተባለ። ክቡርነትዎ መዝገቡን ቢያስመጡ እንደሚያገኙት፣ ከመንደሩ ሁሉ ቀድማ እጇን ያወጣችው እኔ ነኝ። ልጄ ራውዳ ሱሳ ከተማ ውስጥ ነርስ ናት፤ በጃንዋሪ ሴት ልጅ ወልዳለች፤ የልጅ ልጄን ፊት ማየት ፈልጌ ነበር። ተይብ እጁን አላወጣም።

ሁለተኛ፣ ስለ አንቴናው ምሰሶ አመሰግናለሁ። የመንደራችን መልክ እንዳይበላሽ ተጨንቃችሁ፣ አረንጓዴ የፕላስቲክ ቅርንጫፍ ቀጥላችሁ፣ ጥድ አስመስላችሁ ነው የተከላችሁልን። በዙሪያው ያለው ሁሉ የቡሽ ዛፍ ስለሆነ ከሩቅ ለይተን እናውቀዋለን። ወፎች ገና አላመኑትም።

እውነቱን ለመናገር ግን ኔትወርኩ ግሩም ነው፤ ይህን ብደብቅ አላህ አይወድልኝም። ራውዳ ስማርት ስልክ ላከችልኝ፤ የልጅ ልጄ የዩስር የመጀመሪያዋ ጥርስ ስትወጣ በዓይኔ አየሁ። ሐድሪያ የዘይት ጠርሙሶቿን ፎቶ እያነሣች ከጣሊያን ደንበኛ አገኘች። ተማሪዎቹ መምህር ያጡለትን የሒሳብ ትምህርት በስልክ ይከታተላሉ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የምትጽፍልዎ አዲስ ነገር ባየች ቁጥር የምትሸሽ የተራራ ሴት እንዳይመስልዎ።

ሦስተኛ፣ ለማስታወቂያው አመሰግናለሁ። አሮጌው መስመር ከጁላይ አንድ ጀምሮ እንደሚቋረጥ ከሦስት ወር በፊት በድረ ገጻችሁ ላይ አውጥታችሁ እንደነበር ኋላ ሰምተናል። ድረ ገጽ መክፈት የማይችል ስልክ የያዘ ሰው፣ ስልኩ እንደሚዘጋ በድረ ገጽ እንዲያነብ ማድረግ፣ እንደ እኔ ያለ ያልተማረ አእምሮ በቀላሉ የሚደርስበት ብልሃት አይደለም።

በጁላይ አንድ ጠዋት ተይብ ማማው ላይ ሆኖ ስልኩን ቢሞክር ዝም አለችው። በማግስቱ የእኔን ስማርት ስልክ ይዞ ወጣ፤ እሷም ዝም አለች። ኢንጂነሩ በኋላ እንዳስረዳኝ፣ ለእኛ የተተከለው አዲሱ ሞገድ ፈጣን ቢሆንም ሩቅ አይሄድም፣ ተራራም አይሻገርም። አሮጌው ቀርፋፋ ነበር፤ ሆኖም ሸንተረሩን እየዞረ ማማው ድረስ ይደርስ ነበር። ማማው ላይ የነበረው የመገናኛ ሬዲዮ ደግሞ «ስልክ ካለ ምን ያደርጋል» ተብሎ ከአምስት ዓመት በፊት ተወስዷል።

በሦስተኛው ቀን ተይብ ሸሚዙን ቀይሮ ከተማ ወደሚገኘው ቅርንጫፋችሁ ወረደ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ በአክብሮት ተቀብላው፣ ኮምፒውተሯን ወደ እሱ አዙራ ካርታ አሳየችው።

«ይኸው አባባ፣ ማማው ያለበት ሁሉ አረንጓዴ ነው። አረንጓዴ ማለት ኔትወርክ አለ ማለት ነው።»

«ልጄ፣ እኔ ከዚያ ነው የመጣሁት። የለም።»

«ሲስተሙ ግን አለ ይላል።»

አቤቱታ ጽፎ ቁጥር ተቀብሎ ተመለሰ። ደጃፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን እየታጠበ «መብሩካ፣ አረንጓዴ ነን» አለኝ።

እንግዲህ የራሳችንን መላ መታን። ቤታችን ከመንደሩ ወጣ ብሎ በሸንተረሩ ጫፍ ላይ ስለሆነ ከማማው ጣሪያው ይታያል። ተይብ ጭስ ካየ ቀይ ብርድ ልብስ በማማው አጥር ላይ ይሰቅላል፤ እኔ ጣሪያ ላይ እየወጣሁ አያለሁ፤ ቀይ ካየሁ ነጭ አንሶላ ዘርግቼ ማየቴን እነግረውና በአዲሱ ስልኬ ለእሳት አጥፊዎቹ እደውላለሁ። ሐድሪያ ሰምታ «የፍቅር ምልክት መስሎኝ ነበር፤ ለካ የመንግሥት ሥራ ነው!» ብላ ስትስቅብን ከረመች። ስድስት ሳምንት እንዲህ ሆነን ቆየን። ሁለት ጊዜ ቀይ ተሰቀለ፤ ሁለት ጊዜ ደወልኩ፤ ሁለቱም እሳት ሳይሰፋ ጠፋ።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን በቁጥር መደርደር አልሆነልኝም፤ ዝም ብዬ እንደሆነው እነግርዎታለሁ።

ማክሰኞ ነበር፣ በኦገስት አጋማሽ። ሽሂሊ፣ ያ ከበረሃ የሚመጣው ነፋስ፣ ከሌሊት ጀምሮ ይነፍስ ነበር። ተይብ ሲወጣ «ዛሬ ዓይንሽን ከማማው አትንቀይ» ብሎኝ ሄደ። እስከ አራት ሰዓት ተኩል አልነቀልኩም። ከዚያ ራውዳ ደወለች። «እማ፣ ዩስር ቆማለች! ወንበር ይዛ ቆማለች፣ ነይ እይ!» አለችኝ። ጣሪያው ላይ ፀሐዩ ስክሪኑን ስለሚያጠፋው ወደ ቤት ገባሁ። ምስሉ ጥርት ብሎ የሚታየው ወደ ምሰሶው በሚያየው መስኮት በኩል ነው። ማማው በሌላው በኩል ነው።

ዩስር ቆመች፣ ወደቀች፣ ደግማ ቆመች። ስሟን እየጠራሁ አጨበጨብኩ። ተይብ ማታ ሲመጣ የምነግረውን እያሰብኩ ነበር። ስልኩ ኋላ እንደሚያሳየው ሠላሳ አምስት ደቂቃ አወራን።

ሐድሪያ ከውጭ ስትጮኽ ሰማሁ። «መብሩካ! የት ነሽ አንቺ? ቀዩ ተሰቅሏል እኮ!»

ወጣሁ። ቀዩ ተሰቅሏል። ከኋላው ጭሱ ተራራውን አክሏል። ደወልኩ፤ በመጀመሪያው ጥሪ አነሡ፤ ድምፁ እንደ ጎረቤት ድምፅ ጥርት ያለ ነበር። አንሶላውን ዘረጋሁ። በማማው ላይ ግን ሰው አይታይም።

ቀሪውን የነገረችን ኡሚ ሳሲያ ናት። ኡሚ ሳሲያ ከማማው በታች፣ በተራራው ወገብ ላይ ብቻዋን ከዶሮዎቿ ጋር የምትኖር፣ እግሯ የማይታዘዝላት አሮጊት ናት። ተይብ ነጩን አንሶላ ጠብቆ ጠብቆ ሲያጣ በእግሩ ወደ መንደሩ ሊወርድ ተነሣ። በአቋራጩ ቢሮጥ ኖሮ ይደርስ ነበር ይላሉ። እሱ ግን በእሷ ቤት በኩል ዞረ።

«እናቴ፣ ተነሺ፣ እሳት ነው» አላት።

«ዶሮዎቼስ?»

«ዶሮ አላህ ይሰጥሻል፣ ተነሺ ብዬሻለሁ!»

ተሸክሞ አህያዋ ላይ አስቀመጣት። «አንተስ ልጄ?» ብትለው «አህያዋ ሁለት ሰው አትችልም፤ ከኋላሽ ነኝ» ብሎ አህያዋን በጥፊ መታት። ኡሚ ሳሲያ ሁለት ጊዜ ዞራ አይታለች። በመጀመሪያው እየሮጠ ሲከተላት አየችው። በሁለተኛው ጭሱን ብቻ አየች።

እሳት አጥፊዎቹ በአርባ ደቂቃ ደረሱ፤ እስከ አሥር ሰዓት ታገሉት፤ መንደሩ ተረፈ። ተራራው ላይ ያሉት ሦስት ቤቶች አልተረፉም። ተይብን በማግስቱ ጠዋት አገኙት፤ ከመንደሩ በላይ ካለው ምንጭ ለመድረስ ሦስት መቶ እርምጃ ያህል ሲቀረው ነበር። ስልኩ ደረት ኪሱ ውስጥ ነበረች። ከጁላይ አንድ ጀምሮ የማትሠራ ስልክ ለምን በየቀኑ ይዟት እንደሚወጣ ጠይቄው አላውቅም። ልማድ ይሆናል። ወይም ድንገት ትመለስ ይሆናል ብሎ ይሆናል።

አላለቀስኩም፤ ጎረቤቶቼ አለቀሱልኝ። ዳቦ በወይራ ዘይት አቀረቡልኝ፤ በላሁ፤ ምን ምን እንደሚል ግን አላወቅሁም። ራውዳ ሕፃኗን ይዛ መጣች። ዩስር ጣቴን ጨብጣ ቆመችልኝ፤ ጣቴ የሌላ ሰው ጣት ይመስል ነበር። ራውዳ በሦስተኛው ቀን «እማ፣ እኔ ባልደውል ኖሮ…» ስትል አቋረጥኳት። «ዝም በይ። ያነሣሁት እኔ ነኝ» አልኳት። ከዚያ ወዲህ በድምፅ ብቻ እንነጋገራለን፤ እሷም ምስሉን አብሪ አትለኝም።

ያወጣችሁትን ሪፖርት አንብቤያለሁ። «በአደጋው ዕለት ኔትወርኩ ያለ አንዳች መቆራረጥ አገልግሎት ሰጥቷል» ይላል። ክቡርነትዎ ምስክር ካስፈለገዎ እኔን ይጥሩኝ። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ሙሉ ምስሉ አንዴም አልቆመም።

ኢንጂነር ሺሃብም መጥቶ ነበር። እናንተ አልላካችሁትም፤ በዕረፍቱ ቀን በራሱ መጣ። ግባ ስለው እንቢ ብሎ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ።

«እናቴ፣ ባለቤትዎ በወረቀት ጻፍልኝ ሲሉኝ መጻፍ ነበረብኝ።»

«ብትጽፍለት ምን ይለወጥ ነበር?»

«ልጽፍ ስል መጀመሪያ አለቆቼን እጠይቅ ነበር። ስጠይቅ አሮጌውን ሊዘጉት መሆኑን እሰማ ነበር። አልጠየቅሁም።»

ሻይ ሰጠሁት። ስለ ሞገዱ ያስረዳኝ ያን ጊዜ ነው። ማማው አካባቢ ማንም ሄዶ እንዳልለካ፣ ካርታውን ኮምፒውተሩ በግምት እንደቀባው ነገረኝ። አሮጌው ተመልሶ ሌላ ሁለት ዓመት ይሥራ ብሎ ከእሳቱ በኋላ ደብዳቤ ጽፎላችሁ ነበር፤ ሁለቱን ማስኬድ አድካሚ ነው ተባለ። እኔም ድካማችሁ ተሰማኝ።

ከቀብሩ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት የጫካ ጥበቃ ሰዎች መጥተው የተይብን ሥራ እኔ እንድይዘው ጠየቁኝ። ያዝኩት። ሲመጡ ሬዲዮ ይዘው መጡ። ማማው ላይ ገጠሙት፤ ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። ይሠራል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እዚያው ተቀምጬ ነው። በታች የተቃጠለው ተራራ ይታየኛል፤ የቡሽ ዛፍ ቅርፊቱ ወፍራም ስለሆነ አንዳንዱ ጥቁር ሆኖ ቆሞ ከሥሩ ቅጠል ጀምሯል። ሰዎች ይህን ሲነግሩኝ ደስ እንዲለኝ ይጠብቃሉ። አያለሁ፤ ቅጠል ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። አገራችን አዲሱን ትውልድ ትቀበል ወይ? መልሴ አዎ ነው። ሱሳ ያለችን ሕፃን አያቷ እንድታያት፣ መምህር የሌለው ልጅ እንዲማር፣ አዎ። ነገር ግን አንድን አሮጌ መስመር ከመቁረጣችሁ በፊት አንድ ሰው፣ እግር ያለው ሰው፣ የመጨረሻዋ አሮጌ ስልክ እስካለችበት ድረስ ይውጣ። በአሮጌው ይደውል፤ ከዚያ በአዲሱ ይደውል። አዲሱ ካልጠራ አሮጌውን አይንካው። ይኸው ነው። ተይብ የጠየቃችሁም ከዚህ የተለየ አልነበረም። ለዚህ የሚሆን ቁጥር ግን በመልእክታችሁ ላይ ስላላገኘሁ እስካሁን አንዱንም አልጫንኩም።

ጥፋቱን ሁሉ በእናንተ ላይ ጥዬ ንጹሕ ልሁን እንዳልል፣ ግማሹን እኔ ይዤዋለሁ፤ በየቀኑ ተራራውን ይዤው እወጣለሁ። የቀረውን ግማሽ ግን የሚሸከምልኝ ሰው ከመሥሪያ ቤትዎ እንዲመደብልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ሥራ የሚበዛበት ሰው ባይሆን ደስ ይለኛል።

አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልዎ፣ ሥልጣንዎን ያጽናልዎ፣ የጠሩት ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ጥሪ የሚያነሣልዎ ያድርግዎ፤ ወደ ደጃፍዎ የሚመጣ እሳት እንዳይኖር፣ ቢኖርም አስቀድሞ የሚያይልዎ ሰው እንዳይጠፋ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ታማኝ ደንበኛዎ
መብሩካ ዐርፋዊ፣ የተይብ ሚስት
የዓይን ዙቀር እሳት ጠባቂ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለኡሚ ሳሲያ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰምታ «ስድብ አንሶታል» አለችኝ፤ ቀጥላም ስለ እርስዎ፣ ስለ አባትዎና ስለ አባትዎ አባት አንዳንድ ነገር ጨምሪ ብላ ነገረችኝ። አስተዳደጌ እንድጽፈው አልፈቀደልኝም። ቃል በቃል መስማት ከፈለጉ ስልክ ስለሌላት ራስዎ መምጣት ይኖርብዎታል። ወደ ቤቷ ግን እንዳይደክሙ፤ ቤት የላትም። እኔ ጋ ናት፤ በአልጋዬ ላይ በተይብ ቦታ ነው የምትተኛው።